የክላስተር ሪሶርስ ማስነሻና ማቆሚያ ስክሪፕት አዘገጃጀት በፔስሜከር ላይ

በሁለት ሰርቨሮች ላይ የተዋቀረ ክላስተር ዋና ሥራው አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ አገልግሎቱን በሌላው ላይ ማስነሳት ነው። ክላስተሩ ይህን የሚያደርገው ግን ስለ አገልግሎቱ አንዳች ነገር አውቆ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሪሶርስ (ክላስተሩ ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ዲስክ ወይም አድራሻ) የተመደበለትን ስክሪፕት ይጠራል፣ ስክሪፕቱ ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ያነባል፣ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶም ይወስናል። ስክሪፕቱ «ቆሟል» ካለው ቆሟል ብሎ ያምናል፤ የጋራ ዲስኩንም ከአንዱ ሰርቨር አላቅቆ በሌላው ላይ ማውንት ያደርጋል (ለሥራ ያገናኘዋል)። ያ መልስ ሐሰት ከሆነ ጉዳቱን የሚያስቀር ሌላ አካል የለም።

ስክሪፕት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማስነሻው ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ በዓይን ስለሚታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የሁኔታ ማረጋገጫው፣ ቀጥሎ ማቆሚያው፣ በመጨረሻ ማስነሻው ይጻፋል። ማስነሻ ሲሳሳት የሚደርሰው ነገር ቢበዛ አገልግሎቱ አለመነሳቱ ነው። ማቆሚያ ሲሳሳት ግን ወይ ጤነኛ የነበረ ሰርቨር በክላስተሩ ትእዛዝ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥበታል፣ ወይ ደግሞ አንድ ዳታ ከሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ይጻፍበታል። ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው።

ለማሳያ የምንወስደው በሊኑክስ ላይ፣ የሰርቨሮቹን ግንኙነት ከሚከታተለው ከኮሮሲንክ ጋር የሚሠራውን የክላስተር አስተዳዳሪ ፕሮግራም፣ ፔስሜከርን ነው። «ሀ» እና «ለ» የምንላቸው ሁለት ኖዶች (የክላስተሩ ሰርቨሮች) አሉ እንበል፤ አንድ የጋራ ዲስክ፣ አንድ ከኖድ ወደ ኖድ የሚዘዋወር አይፒ አድራሻ፣ እንዲሁም ድርጅቱ በጃቫ ያስጻፈው የክፍያ መልእክቶችን ተቀብሎ ወደ ዳታቤዝ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ የተጫነው በጋራ ዲስኩ ላይ ነው። ሱሰ ላይ ያሉ አንባቢዎች ሲአርኤም ሼልን፣ ሬድ ሃት ላይ ያሉ ደግሞ ፒሲኤስን ይጠቀማሉ፤ ትእዛዞቹ ይለያያሉ እንጂ ስክሪፕቱ አንድ ነው።

በቅድሚያ ስክሪፕት ማስፈለጉን ማረጋገጥ

ከመጻፍ በፊት ያለውን መፈተሽ ጊዜ ይቆጥባል። ከፔስሜከር ጋር የሚጫነው የሪሶርስ ኤጀንቶች ጥቅል ለፖስትግሬስ፣ ለማይኤስኪውኤል፣ ለአፓቼ፣ ለኤንጂንኤክስ፣ ለፋይል ሲስተምና ለአይፒ አድራሻ የተዘጋጁና ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ የተፈተኑ ስክሪፕቶችን ይዟል። ለእነዚህ አገልግሎቶች የራስን ስክሪፕት መጻፍ ትርፉ ድካም ነው።

ዝግጁ ኤጀንት ከሌለ ቀጣዩ አማራጭ የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ የሆነው ሲስተምዲ ነው። ፕሮግራሙ በደንብ የተጻፈ የሲስተምዲ አገልግሎት ፋይል ካለው ፔስሜከር በዚያው በኩል ሊያስነሳውና ሊያቆመው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ አገልግሎቱ ሰርቨሩ ሲበራ በራሱ እንዳይነሳ በሲስተምዲ በኩል ዲሴብል መደረግ አለበት፤ አለዚያ «ለ» ኖድ ዳግም በተነሳ ቁጥር ክላስተሩ ሳያዝዘው ፕሮግራሙን ያስነሳል። ሁለተኛ፣ ሲስተምዲ አንድን አገልግሎት ሲያቆም በነባሪነት እስከ 90 ሰከንድ ይታገሣል፤ የፔስሜከር የማቆሚያ ገደብ ከዚያ ያጠረ ከሆነ ሲስተምዲ ሥራውን ሳይጨርስ ክላስተሩ «ማቆም አልተሳካም» ብሎ ይደመድማል። የድሮ ኢኒት ስክሪፕት ያለው ሰው በዚያም መጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን የቆመ አገልግሎት ሁኔታ ሲጠየቅ 3 ቁጥርን መመለሱን፣ የቆመን ዳግም ማቆምም 0 መመለሱን አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ ይህን የማያሟሉ ብዙ ናቸው።

ሲስተምዲ የፕሮሰሱን መኖር እንጂ የፕሮግራሙን ጤንነት አያይም። ፕሮሰሱ እያለ መልእክት መቀበል ያቆመ ፕሮግራም ለእርሱ ጤነኛ ነው። የእኛ የክፍያ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት ጠባይ ካለው፣ ወይም የሚቆምበት መንገድ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ከሆነ፣ ኦሲኤፍ በሚባለው የክላስተር ስክሪፕቶች ደንብ የተጻፈ የራስ ኤጀንት ያስፈልጋል።

የፋይሉ ቦታና አጠቃላይ ቅርጹ

የኦሲኤፍ ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ የሼል ስክሪፕት ነው። ዝግጁዎቹ ኤጀንቶች ሃርትቢት በሚባል ንዑስ ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ፤ ስያሜው ከፔስሜከር በፊት ከነበረው ፕሮጀክት የቀረ ነው። የራስዎን ፋይል እዚያ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ጥቅሉ ሲታደስ ሊጠፋ ወይም ከአዲስ ፋይል ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከጎኑ በድርጅቱ ስም አዲስ ፎልደር ከፍተው እዚያ ያኑሩት፤ ክላስተሩ ያን የፎልደር ስም የአቅራቢ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ፋይሉ የሩት ንብረት፣ የማስኬድ ፈቃድ ያለውና በሁለቱም ኖዶች ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ የሁለቱን ፋይሎች ቼክሰም ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው፤ በ«ሀ» ላይ የታረመ ስህተት በ«ለ» ላይ ተቀምጦ መጥፎ ቀን ሲመጣ ራሱን ያሳያል።

ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ደሚ የሚባለውን ምሳሌ ኤጀንት መቅዳት ይመረጣል። ደሚ ምንም አገልግሎት አያስነሳም፤ አንዲት የሁኔታ ፋይል ይፈጥራል፣ ያጠፋታል፣ መኖሯንም ይፈትሻል። ነገር ግን አንድ ኤጀንት ሊመልስላቸው የሚገቡ ጥሪዎችን ሁሉ በትክክለኛ ቅርጻቸው ይዟል፤ እነሱም ማስነሳት፣ ማቆም፣ ሁኔታ ማረጋገጥ፣ ቅንብርን መፈተሽና ስለ ራሱ የሚገልጸውን የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ማውጣት ናቸው። በዚያ ኤክስኤምኤል ውስጥ የሚጻፉት የጊዜ ገደቦች ምክር ብቻ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፒሲኤስ ሪሶርሱ ሲፈጠር ወስዶ ወደ ቅንብሩ ይገለብጣቸዋል፤ ፔስሜከር ራሱ ግን አያያቸውም፤ በቅንብሩ ውስጥ ግልጽ ገደብ ካላገኘ 20 ሰከንድን ይወስዳል።

ስክሪፕቱ የሚሠራው በሩት መብትና በጣም ጠባብ በሆነ የአካባቢ ቅንብር ውስጥ ነው። በተርሚናል ላይ ሲሞክሩት የሚሠራው ነገር በክላስተሩ ሲጠራ የማይሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የጃቫ ቦታ፣ የቋንቋ ቅንብርና የተጠቃሚው ፕሮፋይል የሚያመጣቸው ነገሮች እዚህ የሉም። የሚያስፈልገውን ሁሉ በሙሉ አድራሻው በስክሪፕቱ ውስጥ ይጻፉ፤ ከኖድ ኖድ ወይም ከተቋም ተቋም የሚለያየውን ደግሞ በሪሶርስ መለኪያነት ይቀበሉ።

የሁኔታ ማረጋገጫው

ሁለቱ ሌሎች ጥሪዎች የሚደገፉት በዚህኛው ላይ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። 0 ማለት በደንብ እየሠራ ነው፣ 7 ማለት በንጽሕና ቆሟል፣ 1 ማለት ደግሞ አንድ ነገር አለ ግን ተበላሽቷል ማለት ነው። በ7 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። 7 የሚመለሰው ከፕሮግራሙ ምንም ፕሮሰስ እንዳልቀረ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሱ እያለ ወደቡ የማይመልስ ከሆነ መልሱ 1 ነው።

ክላስተሩ ይህን ጥሪ በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ገና ሲነሳም፣ ሪሶርሱ መኖር በማይገባው ኖድ ላይ ጭምር፣ አንድ ጊዜ ይጠራዋል፤ ዓላማው ነገሩ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ቸልተኛ የሆነ ማረጋገጫ ሁልጊዜ 0 ቢመልስ ክላስተሩ ፕሮግራሙ በሁለቱም ኖዶች ላይ እየሠራ ነው ብሎ ያምናል፤ በነባሪ ቅንብሩም ሁሉንም ቦታ አቁሞ በአንዱ ላይ እንደገና ያስነሳል። አንድ ስህተት ያልነበረበት አገልግሎት በዚህ መንገድ ይቋረጣል። በሌላ በኩል የእኛ ፕሮግራም የተጫነው በጋራ ዲስኩ ላይ ስለሆነ፣ «ለ» ኖድ ላይ ሲጠየቅ የፕሮግራሙ ፋይል ጨርሶ አይታይም። በዚህ ጊዜ «አልተጫነም» የሚለውን 5 ቁጥር መመለስ ይቀላል፤ ነገር ግን 5 ኖዱን ለዚህ ሪሶርስ የማይበቃ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ፍተሻ ጊዜ ትክክለኛው መልስ 7 ነው።

አሁን ወደ ፕሮሰስ መለያ ቁጥሩ እንምጣ። ብዙ ስክሪፕቶች ፕሮግራሙ ሲነሳ ቁጥሩን በአንድ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ፤ በኋላም ያ ቁጥር ሕያው መሆኑን 0 ሲግናል በመላክ ይፈትሻሉ። ይህ ፋይል በጋራ ዲስኩ ላይ ሲቀመጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። «ሀ» ኖድ 2417 ብሎ ጽፎ እየሠራ ሳለ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል። ፋይሉን የሚያጠፋ ስላልነበረ 2417 እንደተጻፈ ይቀራል። ክላስተሩ ዲስኩን በ«ለ» ላይ ማውንት አድርጎ ማስነሻውን ይጠራል፤ ማስነሻው ፋይሉን ያነብባል፤ በ«ለ» ላይ 2417 የሚል ፕሮሰስ አለ፤ ግን ያ የሰርቨሩ የክሮን አገልግሎት ነው። ስክሪፕቱ «ቀድሞውኑ ተነስቷል» ብሎ 0 ይመልሳል፤ ደንበኞች ግን የሚያገኙት አገልግሎት የለም። ቆየት ብሎ ወደቡ አይመልስም ተብሎ ማቆሚያው ሲጠራ የሚገደለው ክሮን ይሆናል።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። ፋይሉ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ በሚጸዳው፣ ለኖዱ ብቻ በሆነው የረን ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ከዚህ ጋር ቁጥሩ ሕያው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የፕሮሰሶች መረጃ በሚገኝበት በፕሮክ ፎልደር ስር የዚያን ፕሮሰስ የትእዛዝ መስመር አንብቦ የእኛ ፕሮግራም መሆኑን ማመሳከር ያስፈልጋል። ፋይሉ ባይኖርም ፕሮሰሱ ሊኖር ስለሚችል በስም መፈለግም ተገቢ ነው፤ ግን ፍለጋው በፕሮግራሙ ፋይል ስም ብቻ ከሆነ ያንኑ ፋይል በቪአይ የከፈተ ወይም ሎጉን በቴይል የሚከታተል ሰው ፕሮሰስም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሪሶርሱን ስም የያዘ ልዩ የጃቫ መለኪያ ይጨመርለትና ፍለጋው በዚያ መለኪያና በፕሮግራሙ ተጠቃሚ ስም ይገደብ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚመልስ መሆኑን መጠየቅ ነው። ለወደቡ አጭር ጥያቄ መላክ ይበቃል። ጥያቄው የራሱ ገደብ፣ ለምሳሌ 5 ሰከንድ፣ ሊኖረው ይገባል። ዳታቤዙን በከባድ ጥያቄ መፈተሽ ግን አይመከርም፤ የወሩ መጨረሻ ጫና ሲመጣ ፍተሻው ይዘገያል፣ ገደቡ ያልፋል፣ ክላስተሩም ሥራ የበዛበትን ጤነኛ ፕሮግራም አቁሞ ዳግም በማስነሳት የባሰ ያጨናንቀዋል።

ማቆሚያው

የማቆሚያ ስክሪፕት ሊጠብቃቸው የሚገቡ ደንቦች ጥቂት ናቸው። ቀድሞ የቆመን ነገር አቁም ሲባል 0 መመለስ አለበት። የፕሮግራሙ ፋይል ባይገኝም፣ የቅንብር ፋይሉ ቢበላሽም፣ ፕሮሰስ አለመኖሩን እስካረጋገጠ ድረስ አሁንም 0 መመለስ አለበት። በግማሽ የተነሳን ፕሮግራምም ማቆም መቻል አለበት። ፕሮሰሱ ገና ሳይሞት 0 መመለስ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ክላስተሩ የማቆም ውድቀትን እንደ ሌሎች ውድቀቶች አይመለከተውም። ማስነሳት ሲወድቅ በሌላ ኖድ መሞከር ይቻላል። ማቆም ሲወድቅ ግን ፕሮግራሙ አሁንም ዳታ እየጻፈ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ኖድ ማስነሳት አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ፌንሲንግ (ችግር ያለበትን ኖድ ከውጭ የማጥፋት ዘዴ) በትክክል ከተዋቀረ ክላስተሩ ያንን ኖድ በሙሉ ከውጭ ያጠፋዋል፤ በዚያ ኖድ ላይ የነበሩ ሌሎች አገልግሎቶችም አብረው ይወድቃሉ። ፌንሲንግ ከጠፋ ደግሞ ሪሶርሱ ባለበት ይታገድና ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ይህን ለማስቀረት ሲሉ ማቆሚያው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ 0 እንዲመልስ ያደርጋሉ። ይህ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ አውጥቶ እንደመተኛት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ማረጋገጫው ይጠራል፤ 7 ከመለሰ የቀረ የመለያ ፋይል ካለ ተሰርዞ 0 ይመለሳል። አለዚያ ፕሮግራሙ የያዛቸውን መልእክቶች ጨርሶ እንዲዘጋ 15 ሲግናል ይላክለታል፤ ከዚያም በየሰከንዱ ፕሮሰሱ መኖሩ እየታየ የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ያ ጊዜ ካለፈ በግድ የሚገድለው 9 ሲግናል ይላካል፤ ከዚያ በኋላም ፕሮሰሱ በእርግጥ መጥፋቱ ይረጋገጣል። ከተበላሸ ዲስክ መልስ እየጠበቀ ያለ ፕሮሰስ 9 ሲግናልም ላይገድለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ስክሪፕቱ መጠበቁን ይቀጥል፤ ገደቡ አልፎ ኖዱ ቢጠፋ ትክክለኛው ውሳኔ እርሱ ነው።

ሊታለፍ የማይገባ አንድ ዝርዝር አለ። ብዙ የጃቫ ፕሮግራሞች የሚነሱት በሌላ ትንሽ የሼል ስክሪፕት አማካይነት ነው፤ የሚመዘገበው መለያ ቁጥር የሼሉ ከሆነ ማቆሚያው የሚገድለው ሼሉን ብቻ ሲሆን ጃቫው ወላጅ አልባ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። የሼሉ የመጨረሻ መስመር ጃቫውን በኤግዜክ እንዲጠራ ማድረግ ችግሩን ያስወግዳል፤ ያኔ ጃቫው የሼሉን መለያ ቁጥር ይወርሳል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። ፕሮግራሙ በጫና ጊዜ ለመዘጋት እስከ 40 ሰከንድ እንደሚፈጅ ለክተዋል እንበል። ስክሪፕቱ ከ15 ሲግናል በኋላ 60 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ከ9 ሲግናል በኋላ ለማረጋገጫ ጥቂት ሰከንዶች ይተዉለት፤ የክላስተሩ የማቆሚያ ገደብ ደግሞ 90 ሰከንድ ይሁን። ገደቡ በነባሪው 20 ሰከንድ ከቀረ ግን ክላስተሩ ስክሪፕቱን ራሱን በ20ኛው ሰከንድ ይገድለዋል፤ 9 ሲግናል የሚላክበት መስመር ሳይደርስ «ማቆም አልተሳካም» ተብሎ ይመዘገብና ኖዱ ይጠፋል። የስክሪፕቱ ውስጣዊ ትዕግሥት ከክላስተሩ ገደብ ሁልጊዜ ማነስ አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች እንዳይለያዩ የሚመረጠው፣ ክላስተሩ ለጥሪው የተመደበውን ገደብ በሚሊሰከንድ ለስክሪፕቱ በአካባቢ ተለዋዋጭ ስለሚያስተላልፍ፣ ስክሪፕቱ ያንን ለ1000 አካፍሎ ጥቂት ሰከንዶች በመቀነስ ትዕግሥቱን ራሱ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ዝግጁ ከሆኑት የዳታቤዝ ኤጀንቶች አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ማስነሻው

ከላይ ያሉት ሁለቱ በደንብ ከተጻፉ ማስነሻው አጭር ይሆናል። መጀመሪያ ማረጋገጫውን ይጠራል፤ 0 ከሆነ ምንም ሳያደርግ 0 ይመልሳል፤ 1 ከሆነ በተበላሸው ላይ ሌላ አይጨምርም፣ ስህተት ይመልሳል፤ ክላስተሩ በተራው ማቆሚያውን ይጠራል። ከዚያ የቅንብር ፋይሉን፣ ተጠቃሚውንና ጃቫውን ይፈትሻል። እዚህ ላይ በ5 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት ይጠበቅ፤ 5 ማለት «በዚህ ኖድ ላይ አይሆንም» ሲሆን ክላስተሩ ሌላውን ኖድ ይሞክራል፤ 6 ማለት ግን ቅንብሩ ራሱ የተሳሳተ ነው ማለት ስለሆነ በየትኛውም ኖድ ላይ አይሞከርም። በአንድ ኖድ ላይ ብቻ የጎደለ ፋይልን በ6 መግለጽ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ያቆመዋል።

ፕሮግራሙ ሩት ባልሆነ ተጠቃሚ፣ ከበስተጀርባ እንዲሠራ ሆኖ ይነሳል፤ የሚያወጣቸው ጽሑፎች ወደ ራሱ ሎግ መመራት አለባቸው። ተጠቃሚ የሚቀየርበት መንገድ ፕሮሰሱን በተጠቃሚ የመግቢያ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንዳያስገባው ከተነሳ በኋላ በሲስተምዲ ዝርዝር ውስጥ የት እንደተመደበ ማየት ያስፈልጋል፤ በተጠቃሚ ክፍለ ጊዜ ስር ከገባ ሰርቨሩ ሲዘጋ ሲስተምዲ ክላስተሩን ሳይጠብቅ ሊገድለው ይችላል፤ በጥንቃቄ የተጻፈው ማቆሚያም ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።

ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ስክሪፕቱ ወዲያው መውጣት የለበትም። በየሰከንዱ ማረጋገጫውን እየጠራ 0 እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ፕሮሰሱ መሞቱን ካየ ደግሞ ምክንያቱን በሎግ ጽፎ ወዲያው 1 ይመልሳል። ከዚህ ውጭ የራሱን የጊዜ ገደብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ያንን ክላስተሩ ይሠራዋል። ገደቡን በቂ ማድረግ የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው፤ ምክንያቱም በነባሪ ቅንብር አንድ የማስነሳት ውድቀት የውድቀት ቆጣሪውን ወደ 1,000,000 ያደርሰዋል። ይህ ቁጥር በፔስሜከር ዘንድ ወሰን የለሽ ማለት ነው፤ ቆጣሪው በእጅ ወይም በተቀመጠለት የማብቂያ ጊዜ እስኪጸዳ ድረስ ሪሶርሱ ወደዚያ ኖድ አይመለስም።

ቡድንና ቅደም ተከተል

ሦስቱ ሪሶርሶች በአንድ ቡድን ሲታሰሩ በተዘረዘሩበት ቅደም ተከተል ይነሳሉ፣ በተቃራኒው ይቆማሉ። ዲስኩ የመጀመሪያ መሆኑ ግልጽ ነው። አይፒ አድራሻው ከፕሮግራሙ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚለው ግን ማሰብ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ያንን አድራሻ በስም ጠርቶ የሚያዳምጥ ከሆነ አድራሻው መቅደም አለበት። በሁሉም አድራሻዎች ላይ የሚያዳምጥ ከሆነ ግን አድራሻውን መጨረሻ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሲነሳ ደንበኞች የሚመጡት ፕሮግራሙ ከተዘጋጀ በኋላ ይሆናል፤ ሲቆም ደግሞ አድራሻው ቀድሞ ስለሚወገድ አዲስ መልእክት መምጣቱ ይቋረጥና ፕሮግራሙ በእጁ ያለውን ብቻ ጨርሶ በሰላም ይዘጋል።

የፋይል ሲስተሙ ኤጀንት ዲስኩን ሲያላቅቅ በነባሪነት እዚያ ላይ ፋይል የከፈቱ ፕሮሰሶችን ፈልጎ ይገድላል። ለጥገና ገብቶ በዚያ ፎልደር ውስጥ ሼል ከፍቶ የተቀመጠ ሰው በድንገት ግንኙነቱ የሚቋረጠው በዚህ ነው። የእኛ ማቆሚያ ዋሽቶ 0 ቢመልስም ፕሮግራሙ የሚሞተው በዚሁ ኤጀንት እጅ ነው፤ መልእክቶቹን ሳይጨርስ ሊሞት ይችላል፤ በሎጉ ላይም የሚታየው የዲስኩ እንጂ የፕሮግራሙ ችግር አይሆንም።

ሙከራ

መጀመሪያ የሚሞከረው ከክላስተሩ ውጭ ነው። ኦሲኤፍ ቴስተር የሚባለው መሣሪያ ስክሪፕቱን ከነመለኪያዎቹ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አስነስቶ፣ ሁለት ጊዜ አቁሞ፣ የሚመለሱትን ቁጥሮች ከደንቡ ጋር ያመሳክራል። ይህን ሲያደርጉ ዲስኩ በእጅ ማውንት የተደረገበት አንድ ኖድ ብቻ መሆኑን፣ ሪሶርሱም በክላስተሩ እጅ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሪሶርሱ ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ክላስተሩ የሚሰጣቸውን መለኪያዎች ይዞ አንዱን ጥሪ ብቻ በግድ የሚያስኬድ ትእዛዝ አለ፤ በተርሚናል ሠርቶ በክላስተር የማይሠራን ስክሪፕት ለመመርመር ጠቃሚ ነው።

ከዚያ በክላስተሩ ውስጥ እያሉ ፕሮግራሙን በ9 ሲግናል ይግደሉት፤ ክላስተሩ አስተውሎ ዳግም ማስነሳት አለበት። ይህን ሁሉም ሰው ይሞክረዋል። የማይሞከረውና የበለጠ የሚያስተምረው ፕሮሰሱን በስቶፕ ሲግናል ማገድ ነው። የታገደ ፕሮሰስ ሕያው ነው ግን አይመልስም፤ ማረጋገጫው 1 መመለስ አለበት። ማቆሚያው ሲጠራም 15 ሲግናል የታገደው ፕሮሰስ ዘንድ ተሰልፎ ይቀራል እንጂ አይዘጋውም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ ትዕግሥቱን ጨርሶ ወደ 9 ሲግናል ማለፉ፣ ይህም ከክላስተሩ ገደብ በፊት መሆኑ በዚህ አንድ ሙከራ ይታያል። ኖዱ በሙከራው ላይ ከጠፋ ስሌቱ ልክ አይደለም ማለት ነው።

ሪሶርሱን በትእዛዝ ወደ ሌላው ኖድ ማዛወርም ይሞከር። በቀደሙት የፒሲኤስ ዕትሞች ይህ ትእዛዝ የቦታ ገደብ ትቶ ይሄዳል፤ ከሙከራው በኋላ ካልተሰረዘ ወደ ቀድሞው ኖድ አልመለስም የሚል ሪሶርስ ይዘው ይቀራሉ። የውድቀት ቆጣሪዎችንም በክሊንአፕ ያጽዱ።

ሰርቨሩ ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ

አንድ ኖድ ሲዘጋ ሲስተምዲ የፔስሜከርን አገልግሎት ያቆማል፤ ፔስሜከር በተራው ሪሶርሶቹን በማቆሚያ ስክሪፕቶቻቸው ያቆማል ወይም ያዛውራል። ክላስተሩ ከማያስተዳድራቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ በኔትወርክ ከሚመጣ ማውንት ወይም ከዶከር አገልግሎት፣ አንዱ ከፔስሜከር ቀድሞ ከቆመ ማቆሚያው የሚደገፍበትን ያጣል። ለዚህ የተዘጋጀ የሲስተምዲ ታርጌት አለ፤ ሪሶርስ ኤጀንትስ ዴፕስ ይባላል። የሚያስፈልገውን አገልግሎት በዚያ ስር መጨመር ፔስሜከር ከእርሱ በኋላ እንዲነሳ፣ ከእርሱም በፊት እንዲቆም ያደርጋል።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ያለ የሰርቨር ክፍል ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። የዩፒኤስ ባትሪ ሲዳከም ሁለቱን ኖዶች አንድ በአንድ የሚዘጋ ስክሪፕት ከተዋቀረ፣ የመጀመሪያው ሲዘጋ አገልግሎቱ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፣ እዚያ ተነስቶ ሳይጨርስ እንደገና ይቆማል፤ ባትሪው ለማይጠቅም ሥራ ይውላል። ክላስተሩን በሁሉም ኖዶች ላይ በአንድ ትእዛዝ ማቆም፣ ከዚያ ሰርቨሮቹን ማጥፋት ትክክለኛው መንገድ ነው። ባትሪው ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚቆይበት ጊዜ በቡድኑ ውስጥ ካሉት ሪሶርሶች የማቆሚያ ገደቦች ድምር መብለጥ አለበት፤ የሰርቨሮቹ መዝጊያ ጊዜም ይታከልበታል።

መብራቱ ሲመለስ ከሁለቱ አንዱ ኖድ ብቻ ቢነሳ አገልግሎቱ አይነሳም፤ ስክሪፕቱንም ማንም አልጠራውም። በኮሮሲንክ የሁለት ኖድ ቅንብር ሲበራ ሁለቱም ኖዶች አንድ ጊዜ እስኪተያዩ መጠበቅ አብሮ ይበራል፤ ዓላማው ሁለቱ ሳይተያዩ ለየብቻ ዲስኩን እንዳይዙ ነው። በዚህ ጊዜ ስክሪፕት መነካካት አያስፈልግም። ሌላው ኖድ በእርግጥ መጥፋቱን ሰርቨር ክፍል ገብተው በዓይንዎ ያረጋግጡ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ከዚያ በፒሲኤስ የኮረም አንብሎክ ትእዛዝ መጠበቁን ያንሱ፤ ክላስተሩ ቡድኑን ከዲስኩ ጀምሮ በተራው ያስነሳል።